«ኦርደር የለም፣ ስንፈልግሽ እንጠራሻለን» ተብላ እህቴ ወረቀት ፈርሚ ተባለች። ትፈርም ወይስ አትፈርም?

የሀይቋ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ወሎዬዎች። ነገሩ የታናሽ እህቴ ነው። ግን የብዙ ልጆች ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። እህቴ ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ኦፐሬተር ናት። እሷ እንዳትጎዳ የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሰርታለች። ክር በመቁረጥ ጀምራ አሁን የሸሚዝ አንገትጌ ትሰፋለች። ደመወዟ 2,340 ብር ነው። ኦቨርታይም ሲኖር ትንሽ ከፍ ይላል። ቤት የተከራዩት ለሦስት ሆነው ነው።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ሳይመጣ ቀረ። በእግራቸው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ኤች አሩ (የሰው ኃይል ኃላፊው) ወጥቶ «ውጭ ያለው ገዢ ኦርደር ሰርዟል። ወደ ቤት ሂዱ፣ ስንፈልጋችሁ በስልክ እንጠራችኋለን» አላቸው። ሐሙስ ዕለት ጠሯቸው። የጠሯቸው ግን ለስራ አይደለም፣ ወረቀት ለማስፈረም ነው። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። እንዲህ ይላል፦ «በገዛ ፈቃዴ ስራ የለቀቅሁ ሲሆን ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ክፍያ የለኝም።» የፈረመች የዚህን ወር ደመወዝ እዚያው ትቀበላለች። ያልፈረመች ትጠብቅ ተብሏል። እስከ መቼ እንደሆነ የነገራቸው የለም። የመጨረሻው ቀን መጪው ዓርብ ነው።

ከላይኗ፣ ማለትም በአንድ የስፌት መስመር አብረዋት ከሚሰሩት፣ ግማሹ ፈርሟል። እሷ «እህቴን ላማክር» ብላ ወጣች። እናታችን «ፈርመሽ ነይ፣ ከሰው ጋር አትጋጪ» ትላለች። አንድ ደላላ ደግሞ ስልኳን ከየት እንዳገኘው አላውቅም፣ ሳውዲ ልላክሽ እያለ ይደውላል። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ልበላት?

ባቲ ሰኞ፦

አትፈርም! የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርማ በኋላ የሄደችበት ሁሉ «ራስሽ ነሽ የለቀቅሽው» ነው ያላት። ዝርዝሩን የሚያውቁ ይነግሩሻል። ብቻ እስከዚያ እጇን ትሰብስብ።

ህግ አንባቢ፦

የሀይቋ፣ አብሽሪ። እህትሽ «ላማክር» ብላ መውጣቷ ብልህነት ነው። እኔ በአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ ላይ ጥቂት ዓመታት ሰርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ዋናው ህግ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ስራ የቀዘቀዘበት ፋብሪካ በዚህ አዋጅ የሚሄድበት መንገድ አለው። «ስንፈልግሽ እንጠራሻለን» የሚባል መንገድ ግን የለም።

አንደኛው መንገድ ውሉን ለጊዜው ማገድ ነው። አሰሪው በራሱ ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር ገጥሞት ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ስራ የሚያቆም ከሆነ ማገድ ይችላል። ግን ችግሩ በተፈጠረ በ3 የስራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው መስሪያ ቤት በጽሁፍ ማሳወቅ አለበት። እገዳው ከ90 ቀን አያልፍም። ጊዜው ሲያልቅ ሰራተኛዋ በማግስቱ ስራዋ ላይ ትገኛለች፣ እነሱም ይቀበሏታል። ስራው የማይቀጥል ከሆነ ውሉ ይቋረጥና ክፍያው ይከተላል።

ሌላው መንገድ ቅነሳ ነው። ከሰራተኛው ቢያንስ 10 በመቶውን የሚነካ ከሆነ ከሰራተኛ ማህበሩ ወይም ከሰራተኞቹ ተወካዮች ጋር መመካከር ግዴታ ነው። ችሎታና ምርታማነት ያላቸው እንዲቀሩ ይደረጋል። ነፍሰ ጡሮችና ስራ ላይ የተጎዱ በመጀመሪያ የሚነኩ አይደሉም። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይሰጣል።

የሰጧት ወረቀት ከእነዚህ አንዱም አይደለም። በራስ ፈቃድ መልቀቅ ነው። ለምን ይሄን እንደመረጡ ልንገርሽ። 5 ዓመት ያልሞላው ሰራተኛ በራሱ ፈቃድ ከለቀቀ የስንብት ክፍያ አያገኝም። ለእነሱ ከሁሉም ርካሹ ይሄ ነው።

አሁን በእህትሽ ብር እናስላው። 2,340 ለ26 የስራ ቀን ሲካፈል በቀን 90 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 30 ጊዜ 90፣ 2,700 ብር። ለሁለተኛው ዓመት የዚያ ሲሶ፣ 900። ለሰባቱ ወር 525። ድምሩ 4,125 ብር። ቅነሳ ከሆነ ወይም ድርጅቱ ጨርሶ ከተዘጋ ደግሞ 60 ጊዜ 90 ይጨመራል፣ 5,400 ብር። ጠቅላላው 9,525 ብር ይሆናል። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ደመወዝ፣ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድና ያልተከፈለ ኦቨርታይም ለብቻቸው ናቸው። «የምጠይቀው የለኝም» ብላ እንድትፈርም የተጠየቀችው ይሄን ሁሉ ነው።

የሰራችበት ቀን ደመወዝ ደግሞ የእሷ ነው። ለፊርማ ማባበያ ሊሆን አይችልም። ውል ሲቋረጥ ክፍያው በ7 የስራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፈል ሊያዝ ይችላል።

ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ ትሂድ። ከተማው ስራና ክህሎት መስሪያ ቤት ውስጥ የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ የሚያይ ክፍል አለ። አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቅ፦ «ፋብሪካው ስራ ማቆሙን በጽሁፍ አሳውቋችኋል?» ካላሳወቀ ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። ባጇን፣ የደመወዝ ስሊፗን፣ የወረቀቱን ፎቶ ይዛ ትሂድ። ሰኞ በር ላይ የተባሉትንም ከነቀኑና ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ትጻፈው። ዛሬ ማታ ትጻፈው፣ ነገ ይረሳል።

ላይን 4፦

እኔም ከዚያው ነኝ። ከየትኛው ላይን እንደሆንኩ ስሜ ይናገራል። የሀይቋ፣ እህትሽን የማውቃት ይመስለኛል።

እኔ ፈርሜያለሁ። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነበር። ልጄ የሁለት ዓመት ናት፣ እናቴ ጋ ሀርቡ ነው ያለችው፣ በየወሩ እልካለሁ። ጠረጴዛው ላይ ብሩን ቆጥረው አስቀምጠውት ነበር። ወረቀቱን ሳላነበው ፈረምኩ። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም። ቢገባኝም የምፈርም መሰለኝና ማንበቡን ፈራሁት።

አራት ዓመት ከሁለት ወር ነው የሰራሁት። የእኔ ነገር አበቃ ማለት ነው?

ህግ አንባቢ፦

አላበቃም እህቴ። አዋጁ ውል በስምምነት ሊቋረጥ እንደሚችል ይናገራል። ግን ሰራተኛው በህግ ያለውን መብት ቢተውም መተዉ ህጋዊ ውጤት የለውም ይላል። ስለዚህ «የምጠይቀው የለኝም» የሚለው መስመር እንዳሰቡት በሩን አይዘጋውም። ከባዱ «በገዛ ፈቃዴ ለቀቅሁ» የሚለው ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በተመሳሳይ ወረቀት፣ ደመወዝ ተይዞባቸው ብዙ ሰዎች መፈረማቸውን ማሳየት ይጠይቃል። አንቺ ብቻሽን ብትሄጂ ይከብዳል። ሃያ ሆናችሁ ብትሄዱ የሃያ ሰው ፈቃድ በአንድ ጠዋት አይገጣጠምም።

ቀኑን ግን ቁጠሪ። ወደ ስራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ይታገዳል። የደመወዝ፣ የኦቨርታይምና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ህጉ ከልክሎት አይደለም። «ይደውሉልኛል» እያለ ሲጠብቅ ጊዜው ያልፍበታል። ለሰራተኛ ጉዳይ የፍርድ ቤት ክፍያ የለም፣ ያንንም እወቂ።

የቦርከና ልጅ፦

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን የተለየ ሀሳብ አለኝ። እኔ አራት ዓመት ፕሮዳክሽን ፕላኒንግ ላይ ሰርቻለሁ። ፋብሪካው ስለ ኦርደሩ የዋሸ አይመስለኝም።

ነገሩ የሚሰራው እንዲህ ነው። ጨርቁ፣ ቁልፉ፣ ዚፑ በጅቡቲ በኩል ይገባል። እዚህ የሚጨመረው የሰው እጅ ነው። ገዢው «አንዱን ሸሚዝ በስንት ትሰፉልኛላችሁ?» ይላል። ያንኑ ቀን ባንግላዴሽንም ኬንያንም ይጠይቃል። በሳንቲም ልዩነት ትበለጣለህ። ደግሞ የፈለገ ቀን ይሰርዛል። ባለፋብሪካው ገዢውን ለመክሰስ አይደፍርም፣ ምክንያቱም የሚቀጥለውን ኦርደር ይፈልጋል።

በ2009 ሐምሌ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ከተማው ምን ያህል ተስፋ እንደነበረው ታስታውሳላችሁ። ከዚያ 2014 መጣ። ጥቅምትና ህዳር ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ታህሳስ 23 ቀን አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ እንድንሸጥላት ከፈቀደችበት ህግ፣ አስወጣች። ኬንያ የተሰፋው ሸሚዝ ያለ ቀረጥ ሲገባ የእኛው ቀረጥ ተጫነበት። ሀዋሳ የነበረው ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ገና ህዳር ላይ ለቅቄ እወጣለሁ ብሎ ነበር። ያኔ ስራ ያጡት ልጆች ስለ ጦርነቱም ስለ አጎዋም የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

የምፈራው ይሄንን ነው። ስንጨቃጨቅ የቀረውም ይሄዳል። ከዚያ ያ ደላላ ስንት እህቶች ጋ ይደውላል?

ጦሳ ስር፦

የቦርከና ልጅ፣ ስለ ሰንሰለቱ የተናገርከው እውነት ነው። መደምደሚያህ ግን አልተዋጠልኝም። ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼ ከሚያልፉበት አንዱ በር ይሄው ፋብሪካ ስለሆነ ጉዳዩን በቅርብ እከታተላለሁ።

ርካሽነት ፋብሪካ የሚያቆይ ቢሆን ኖሮ የእኛ አገር በፋብሪካ በተጨናነቀ ነበር። በ2011 አንድ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሰራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207 ዶላር። በዓለም ከእኛ በታች ማንም አልነበረም። ታዲያ ኦርደር ከመሰረዝ አዳነን? ጥናቱ ራሱ የሚለው ሰራተኛው በዚያ ደመወዝ መኖር ስላቃተው እየለቀቀ እንደሚሄድና ምርታማነቱም በዚያው እንደሚጎዳ ነው።

ሌላም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የእህታችንን 2,340 ብር በ57 መንዝሩት፣ 41 ዶላር ነው። በ130 መንዝሩት፣ 18 ዶላር ነው። ፋብሪካው ሸሚዙን የሚሸጠው በዶላር ነው፣ ለእሷ የሚከፍለው በብር ነው። ጨርቁ በዶላር እንደሚገዛ አውቃለሁ። የእሷ ጉልበት ዋጋ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። አንድ አንገትጌ እንኳን አላጎደለችም። በገበያ ደግሞ ዘይቱም ጤፉም ወደ ላይ ሄደባት።

አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንደሚወሰን ይናገራል። መንግስት፣ አሰሪና ሰራተኛ አብረው የሚቀመጡበት ነው። አዋጁ ከወጣ ዓመታት ተቆጠሩ፣ የግሉ ዘርፍ ሰራተኛ ግን ወለሉ ስንት ብር እንደሆነ ሳይነገረው ነው የኖረው። ወለል ቢኖር ለባለፋብሪካውም ይጠቅመው ነበር። ገዢው ሲጨምቀው «ከዚህ በታች ህጉ አይፈቅድልኝም» ይለዋል። አሁን የሚለው ነገር የለውም፣ ስለዚህ የተጨመቀውን ወደ ታች ያስተላልፈዋል። ታች ያለችው አንገትጌ የምትሰፋዋ ናት።

ባንግላዴሽን እንደ ማስፈራሪያ ስለምንጠራት ስለ ባንግላዴሽ ልንገራችሁ። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የሚባል ሕንጻ ተደረመሰ። 1,134 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ልብስ ሰፊ ሴቶች። ከአንድ ቀን በፊት ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል። ምድር ቤት ያሉት ባንክና ሱቆች ዘግተው ወጡ። ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ካልገባችሁ የወር ደመወዝ የለም የተባሉ ነበሩ። ይሄን ሳነብ ሁሌም እዚህ ጋ እቆማለሁ። የተያዘ የወር ደመወዝ ሰውን ወደሚፈርስ ሕንጻ ያስገባል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እናስተውል። ትልልቅ የልብስ ኩባንያዎች ከሰራተኛ ማህበራት ጋር በህግ የሚያስገድድ ስምምነት ፈረሙ። ፋብሪካዎች በገለልተኛ መሐንዲሶች ተፈተሹ። በ2012 በኮሮና ጊዜ ገዢዎች ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የባንግላዴሽ ኦርደር ሰረዙ ወይም አገዱ፣ ተሰፍቶ ያለቀውን ጭምር። ጩኸቱ ሲበረታ ብዙዎቹ ተመልሰው ለመክፈል ተስማሙ። በ2016 ጥቅምትና ህዳር ሰራተኛው አደባባይ ወጥቶ ዝቅተኛው ደመወዝ ወደ 12,500 ታካ ከፍ አለ። ያኔ ወደ 113 ዶላር ይመጣ ነበር። በዚያ ሰልፍ የሞቱም አሉ። ገዢዎቹ ግን ባንግላዴሽን ጥለው አልወጡም።

የቦርከና ልጅ፦

ጦሳ ስር፣ ስለ ወለሉ ያልከውን አሰብኩበት። ፕላኒንግ ላይ ሆኜ ዋጋ ስንሰጥ መጀመሪያ የሚቀነሰው የሰው ወጪ ነበር። ጨርቁን መቀነስ አይቻልም፣ መብራቱን አይቻልም፣ ትራንስፖርቱን አይቻልም። የሰው ደቂቃ ላይ ነው እርሳሱ የሚያርፈው። «አይቻልም» የሚል ህግ ቢኖር ሌላ ቦታ እንፈልግ ነበር።

የሀይቋ፣ አንድ የሚጠቅምሽ ነገር ልንገርሽ። እህትሽ አንገትጌ ትሰፋለች ብለሻል። የገዢው ላቤል የሚሰፋው አንገትጌ ላይ ነው። ስለዚህ የማን ሸሚዝ እንደሆነ በእጇ ታውቀዋለች። ስሙን ጽፋ ትያዝ። ብዙዎቹ ገዢዎች አቅራቢዎቻቸው የአገሩን የሰራተኛ ህግ እንዲያከብሩ የሚያስገድድ መመሪያ አላቸው። ኦዲተር ሲመጣ ግድግዳ ላይ ስንለጥፈው ስለኖርኩ አውቀዋለሁ።

ጦሳ ስር፦

ትክክል። ገዢው የጀርመን ትልቅ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ ከታህሳስ 2015 ጀምሮ አቅራቢዎቹ ጋ የሰራተኛ መብት መጠበቁን የመከታተል ግዴታ በህግ ተጥሎበታል። ቅሬታ የሚቀበልበት መንገድም ሊኖረው ይገባል። ህጉን ለማላላት የሚገፉ አሉ። ሆኖም ቅሬታ ከኮምቦልቻ ሊጻፍ ይችላል። መጀመሪያ ግን እዚሁ ያለው መስሪያ ቤት ጋ ተጀምሮ ማህተም ያለበት ወረቀት ቢያዝ ይሻላል።

ከጂዳ፦

ደላላው እንደሚደውል ሳነብ ነው ለመጻፍ የተነሳሁት። ስድስት ዓመቴ ነው እዚህ። ከወረባቦ ነኝ።

የሀይቋ፣ እህትሽ መምጣት አለባት የለባትም አልልም። እኔም ቸግሮኝ ነው የመጣሁት፣ አልሃምዱሊላህ ቤተሰቤን ደግፌያለሁ። ግን ተናዳ፣ ደመወዝ ተይዞባት፣ በደላላ ወሬ አትምጣ። አዋጅ 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የስራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የኢንሹራንሱን ወጪ አሰሪው ይሸፍናል ይላል። የእሷ ወጪ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የመሳሰለው ነው። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ውል አስፈርሞ ይልካል። ደላላው «ለቪዛው ይሄን ያህል አምጪ» ካላት ወይም በጅቡቲው ኦቦክ በባህር ካላት ስልኩን ትዝጋው።

እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ፓስፖርቴን ወሰዱት። አራት ወር አልከፈሉኝም። ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) በማዳም ባል እጅ ነበር፣ እሱ ሳይፈቅድ ሌላ ቤት መግባት አልችልም ነበር። የማማክረው ሰው አልነበረም። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ላይን 4 ያለችውን ሳነብ አለቀስኩ፣ እኔም ሳላነብ ነው የፈረምኩት፣ ያውም በአረብኛ።

እዚህ የቤት ሰራተኛ ከአገሩ የሰራተኛ ህግ ውጭ ናት፣ ለብቻዋ ደንብ ነው ያላት። እኛም አገር የቤት ሰራተኛን አዋጁ አያቅፋትም። ደሴ ቤታችሁ ልጅ የምትይዝላችሁ ካለች እሷንም አስቧት።

እህትሽ ከእኔ የሚለያት አንድ ነገር አለ። እሷ ባንድ ጠዋት አብረዋት የተባረሩ ሰዎች አሏት። ቤታቸውን ታውቃለች። እኔ በአራቱ ወር ውስጥ አንዲት እንኳን ብትኖረኝ ምን ባደረግሁ።

የቃሉ ሽማግሌ፦

ልጆቼ፣ ጽሁፌ ከተሳሳተ ይቅር በሉኝ፣ የልጅ ልጄ ነች የምትጽፍልኝ።

አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 27 ዓመት ሰርቼ ነው ወደ ቃሉ ወረዳ የተመለስኩት። የሰራተኛ ማህበር ሲባል ልጆቹ የፖለቲካ ነገር ወይም የፈረንጅ ነገር ይመስላቸዋል። የአገራችን የመጀመሪያው የሰራተኛ ኮንፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1955 ነው። ኢትዮጵያም ሰራተኛ ይደራጅ የሚሉትን ሁለቱን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ንና 98ን፣ የተቀበለችው በዚያው ዘመን ነው። የአሁኑም ህገ መንግስት በአንቀጽ 42 አስፍሮታል። አስር ሰራተኛ ያለበት ድርጅት ማህበር ማቋቋም ይችላል። አስር! እናንተ በአንድ ላይን ብቻ ስንት ናችሁ?

ለመሆኑ እኛ ወሎዎች ቅሬ፣ እድሩ ማለቴ ነው፣ አይደለም እንዴ ያሳደገን? ለቅሬ ማን ያስተምረናል? መዝገብ አለ፣ ዳኛ አለ፣ መዋጮ አለ፣ ቀሪ ይቀጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም ድንኳኑን አብሮ ይተክላል። አንድ ሰው ሲሞት «የራሱ ጉዳይ ነው» የሚል የለም። ማህበር ማለት ለቁም ሰው የሚሆን ቅሬ ነው። ደመወዝ የተያዘባት ልጅ ቤት ሰው ይሄዳል፣ የፈራችው ትበረታለች፣ የቸገራት ኪራይ ይዋጣላታል። እኛ አቃቂ የታመመ ሰው ሲኖር እንዲህ ነበር። አስተዳደሩ አንድ ሰው ሲጠራ ሦስት ሆነን እንገባ ነበር። ያኔ የአስተዳደሩ ቃል ይለሰልሳል።

ልጄ ላይን 4፣ በፈረምሽው አትሸማቀቂ። ልጅ ያላት ሰው ትፈርማለች። የፈረሙትንና ያልፈረሙትን አትለያዩ። ፋብሪካው የሚፈልገው እንድትለያዩ ነው።

ባቲ ሰኞ፦

አባባ፣ እድሜ ይስጥልን። አንቱ ያሉት ገብቶናል። የሀይቋ፣ ቤት ጠባብ ከሆነ ኮምቦልቻ የአጎቴ ግቢ አለ፣ ቡናውን እኔ አመጣለሁ።

የሀይቋ፦

ብዙ ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

እህቴ ማክሰኞ ብቻዋን መስሪያ ቤቱ ሄደች። ጥያቄዋን ጠየቀች። ከፋብሪካው የደረሰን ደብዳቤ የለም አሏት። ይሄንኑ በጽሁፍ ስጡኝ ስትል አልሰጧትም። ግን አቤቱታ ጽፈሽ አምጪ፣ መዝገብ እንከፍታለን አሏት።

እሁድ ባቲ ሰኞ በነገረኝ ግቢ ቡና አፈላን። ስድስት ሰው ቢመጣ ብዬ ነበር፣ አስራ አራት መጡ። ከአስራ አራቱ ስምንቱ የፈረሙ ናቸው። መጀመሪያ ላይ የፈረሙት አንድ ጥግ፣ ያልፈረሙት ሌላ ጥግ ተቀመጡ። ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እኔ የአባባን ጽሁፍ ከስልኬ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ቶናው ሲቀዳ ተቀላቅለው ነበር።

አንዷ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አንዷ ባለፈው ዓመት ጣቷን መርፌ ወግቷት ለህክምና ከኪሷ ነው ያወጣችው። ይሄ የአሰሪው ወጪ መሆኑን እዚያ ነው የሰማችው። አንደኛዋ የሁለት ዓመት ስሊፕ በሙሉ በፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣለች። ስሊፑ ላይ በየወሩ 7 በመቶ ጡረታ ተቆርጧል። አሰሪው 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ማድረጉን ማንም አጣርቶ አያውቅም። እሱንም ጻፍነው።

ሦስት ተወካይ መረጡ። እህቴ አንዷ ናት። እናቴ ይሄን ስትሰማ ዝም አለች፣ ከዚያ «በረካውን እኔ ላፍላላችሁ» ብላ ተነሳች።

ዓርብ ሦስቱ ሆነው ፋብሪካው ገቡ። ኤች አሩ «የሰራችሁበትን ቀን ደመወዝ ያለ ፊርማ እንከፍላለን፣ ሌላውን እናያለን» አላቸው። ደመወዙ ቅዳሜ ባንክ ገብቷል። ሌላው ገና ነው። «እናያለን» የሚለውን በጽሁፍ አልሰጡም።

አቤቱታው ሁለት ገጽ ሆኗል። የላቤሉንም ስም አስገብተናል። ሰኞ ነው የምናስገባው። ህግ አንባቢ፣ የቀረን ነገር አለ?

ህግ አንባቢ፦

ማሻ አላህ። ሦስት ኮፒ አድርጉ። አንዱን ሲቀበሏችሁ የእናንተው ኮፒ ላይ የደረሰበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስጽፋችሁ ማህተም አስደርጉ። ያ ማህተም ነው ቀናችሁን የሚጠብቅላችሁ። የፈረሙትን ስም ለብቻ ዘርዝሩ፣ የፈረሙበትን ቀንና ሰዓት ከጎኑ። ደመወዙ ተይዞባቸው እንደነበር በግልጽ ይጻፍ። ነፍሰ ጡሯም የሐኪም ወረቀቷን ታያይዝ። መስሪያ ቤቱ ካላስማማችሁ ቀጥሎ ፍርድ ቤት ነው፣ የስራ ክርክር ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል። ማመልከቻውን እኔ አይላችኋለሁ፣ በውስጥ ላኪልኝ።

ላይን 4፦

እሁድ መምጣት አፍሬ ቀርቼ ነበር። ሰኞ ግን እመጣለሁ። አብረውኝ የፈረሙ አራት ልጆች አሉ፣ እነሱንም ይዣለሁ። ስንት ሰዓት ነው? የት እንገናኝ?

የሀይቋ፦

ኧረ ምን ያሳፍራል እህቴ። 2፡30 መናኸሪያው በር ላይ። ባጃችሁን እንዳትረሱ። ባጁን የቀሟችሁ ካላችሁ የደመወዝ ባንክ ደብተራችሁን ያዙ። እናቴ ዳቦ ጋግራለች።